ድመቷ አይጡን ትያዝ፤ ወፉንና ጫጩቱን ግን በምን እናስጥላት?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ወሎ፣ ተሁለደሬ ነው፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ያለ ገጠር። ቤታችን የእህል ቤት ነው። ጓዳው በጎታ ተሞልቷል፤ ጤፍ አለ፣ ማሽላ አለ፣ ለዘር የተቀመጠ ባቄላ አለ። እንዲህ ባለ ቤት ድመት ጌጥ አይደለችም፣ ሥራ አላት። የኛዋም ሥራዋን ታውቃለች። ጎታ ሥር ኮሽ ካለ መጀመሪያ ጆሮዋ ይዞራል፣ ከዚያ አንገቷ፣ ከዚያ እሷን ማየት ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ዋኖስና ድንቢጥ አንቃ ደጃፍ ላይ ትጥላለች። ሰሞኑን ደግሞ የጎረቤት ጫጩት ለምዳለች። ጎረቤት ከጎረቤት በዶሮ ከተጣላ ነገሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

የሰፈሩ ምክር አንድ ዓይነት ነው። አታብሏት፣ ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አጥር እየዘለለች ሰው ጓሮ የምትገባው እኮ የራባት ድመት ናት። ሆዷ የሞላላት ቤቷን አትለቅም። አደኗን ማጥፋት አልፈልግም፣ ብፈልግም አይቻልም። የምፈልገው አደኗ ጎታው ላይ እንዲሆን ብቻ ነው። እናንተ ምን አደረጋችሁ? ሞክራችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።

(ቆይቶ የተጨመረ፦ መልሶቹ በዙ። ኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲመች ማን ምን እንዳለ በየተራ ቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስፍሬዋለሁ። የተደጋገመውን አልፌዋለሁ፤ የራሴንም ሐሳብ ጣል አድርጌያለሁ።)

መልስ 1
ከመርሳ በኩል የጻፉ አባት ናቸው። በሰላምታና በምርቃት ጀምረው፣ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ የሚለውን አስታወሱን። አደን ለድመት የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም ባይ ናቸው። የርሳቸው ድመት ወተቷን ጠጥታ ምድጃ ዳር ተጋድማ ሳለ እንኳ ማዳበሪያ ውስጥ አንድ ነገር ከተንቀሳቀሰ ተስፈንጥራ ትነሣለች። ስለዚህ ብትመገብ አይጥ መያዝ አትተውም በሚለው ከኔ ጋር ናቸው። በጫጩቱ ግን ተስፋ የላቸውም። አንዴ ጫጩት የቀመሰችን ድመት ማብላት ብቻ አይመልሳትም አሉ። ይህን ልብ በሉት፣ ኋላ ይመጣል።

መልስ 2
ከኮምቦልቻ የጻፈች እህት ጥናት ይዛ መጣች። እ.ኤ.አ. በ2021 የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰው ቤት ያሉ ድመቶችን ተከታትለው ነበር። ሥጋ የበዛበትና እህል የሌለበት ምግብ የበሉት ድመቶች አድነው ወደ ቤት የሚያመጡት በ36 በመቶ ቀነሰ። በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለቤቶቻቸው ያጫወቷቸው ደግሞ በ25 በመቶ ቀነሱ። የርሷ ምክር ሁለቱንም አድርጊ ነው፤ ሥጋ ስጪ፣ በገመድ ጫፍ ላባ አስረሽ አጫውቻት። እኔን በአንቺ መጥራቷ አላስከፋኝም፣ የልጅ ልብ ያላት ትመስላለች።

መልስ 3
እዚህ ላይ ቃናው ተቀየረ። ከወረኢሉ የጻፈች እናት ናት። ልጆቼ ሥጋ የሚያዩት ለበዓል ነው፣ ለድመት ሥጋ ግዙ የምትሉን በየትኛው ኪሳችን ነው የሚል ነበር መንፈሱ። ጠንከር ያለ አነጋገር ነው፣ እውነት ግን አለው። ምክር ስንሰጥ የሰውን ጓዳ እያሰብን ቢሆን ጥሩ ነው።

መልስ 4
ለርሷ የመለሰላት ደሴ የሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ እኔን በጣም የጠቀመኝ ይህኛው መልስ ነው።

እንዲህ ነው ያስረዳው። ውሻ እንጀራ በልቶ ይኖራል፣ ድመት ግን አትችልም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል፣ የምታገኘውም ከሥጋ፣ ከዓሣና ከምታድነው እንስሳ ነው። በቂ ካላገኘች እያደር ዓይኗ ይጎዳል፣ ልቧም ይደክማል። እንጀራ በወጥ እየጣሉላት ጠግባለች ማለት ሆዷ ሞላ ማለት ነው እንጂ የሚያስፈልጋትን አገኘች ማለት አይደለም። ስለዚህ ያንን ፍለጋ ትወጣለች። ወፉም ጫጩቱም የሚመጣው ከዚህ ነው።

መፍትሔው ግን ሥጋ መግዛት አይደለም አለ። ዶሮ ሲታረድ የሚጣለው የሆድ ዕቃ አለ። በግ ሲታረድ ሳንባው አለ። ሐይቅ ዙሪያ ላለን ደግሞ የቆሮሶና የአምባዛ ጭንቅላትና አንጀት አለ፤ ዓሣ አስጋሪዎቹ ሐይቁ ዳር ዓሣውን ሲያጸዱ የሚጥሉት ነው። ቀቅሎ፣ አጥንቱን ለይቶ መስጠት ነው። ጨውና በርበሬ የነካው የሰው ወጥ አይሁን።

የወረኢሏ እናት ከዚህ በኋላ አመስግና ተመለሰች። እነሱ ጋ ዓሣ ባይኖርም የዶሮው ነገር አይቸግርም ብላለች።

መልስ 5
የኮምቦልቻዋን እህት ያረማት ሰው ነው። ያን ጥናት በደንብ ያነበበ ይመስላል። ጨዋታው በዋናነት የቀነሰው አይጥ መሰሎቹን አደን ነው፣ ወፉን አይደለም። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ስለዚህ ጎታ ላለበት ቤት የላባው ጨዋታ ምክር አይሆንም አለ። እህታችንም ሳትከራከር ተቀበለች። ሥጋው ራሱ የአይጡንም አደን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ይህን እኔም አልክድም። ነገር ግን ቀነሰ ማለት ቀረ ማለት አይደለም፣ ጓዳ ያለችው አይጥ ደግሞ አፍንጫዋ ሥር ናት።

መልስ 6
ተመሳሳዩን ነገር ከሌላ ማስረጃ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዝ የእርሻ ቤቶች ላይ የተሠራ ጥናት ነበር። አይጡ አስቀድሞ ከጸዳ በኋላ ድመቶቹ ግቢውን ከአይጥ መልሶ መውረር መጠበቅ ችለዋል፤ ነገር ግን በየቀኑ ወተት እየተሰጣቸው እቤት ሲውሉ ነው። አለበለዚያ ወደ ሜዳ ይሄዳሉ። ይህ ለኔ ክርክሩን የሚዘጋ ነው። የማትበላ ድመት ጎታህን አትጠብቅም፣ የሌላውን ጓሮ ነው የምትጠብቀው። እዚያው ላይ አንድ ነገር ጨመረ። ድመት ትልቁን አይጥ ትፈራለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የኒው ዮርክ ጥናት ላይ ድመቶች በ79 ቀን ውስጥ ሲይዙ የታዩት ሁለት አይጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ አይጥ ቤቱን ከወረረ በኋላ ድመት ማምጣት ዋጋ የለውም፤ ቀዳዳ መድፈን፣ ጎታውን ከመሬት ማንሣት፣ ወጥመድ ማስቀመጥ ይቀድማል።

መልስ 7 እና 8
አንዱ ቃጭል እሰርላት አለ፣ ወፉ ሰምቶ ይበራል። ሌላው ወዲያው ተነሣበት። በድመት አንገት ቃጭል ማን ይሠር ብለው የመከሩት አይጦች እኮ ናቸው፣ አንተ ልታስርላቸው ነው ወይ አለው። ቀልድ ቢመስልም ነጥቡ ትክክል ነው፤ ቃጭል ለወፍ ብቻ አይጮኽም፣ አይጡም ይሰማል። የኤክሰተሩም ጥናት ቃጭል ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ ነው የሚናገረው።

መልስ 9
ከአምባሰል የጻፈች እህት ናት። ዝም ብላ ስታነብ ቆይታ መጣች መሰለኝ፣ የሁሉንም መልስ ታውቃለች። ቃጭሉን ትታችሁ ቀለም ሞክሩ አለች። ወፍ ቀለም አጥርቶ ያያል፤ አይጥ ደግሞ በጨለማ የሚሄድ፣ ቀለም እምብዛም የማይለይ ነው። እርሷ ከተራረፈ ቀይና ቢጫ ጨርቅ ሰፋ ያለ አንገትጌ ሰፍታ ለድመቷ አጠለቀችላት። መጀመሪያ ድመቷ ወደ ኋላ እየሄደች ልታወልቀው ታገለች፣ ከዚያ ረሳችው። ዋኖሶቹ ከሩቅ እያዩ ይነሣሉ፣ ጓዳ ውስጥ ግን አደኗ እንደ በፊቱ ነው።

የመልስ 5 ሰው እዚህ ላይ ደገፋት። በዚያው ጥናት እንዲህ ያለ ባለ ደማቅ ቀለም አንገትጌ ያጠለቁ ድመቶች ያመጡት ወፍ በ42 በመቶ ቀንሷል፣ የአይጥ መሰሎቹ ግን አልቀነሰም። እኔ ያነሣሁት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው ማለት ይቻላል። እስካሁን ግን የወፉ ብቻ ነው፤ ጫጩት የት አውቆ ይበራል?

መልስ 10
አንድ ወንድም ከቃሉ ወረዳ በኩል፣ በሦስት መስመር ጨረሰው። ጆንያ ውስጥ ክተቷት፣ ቦርከናን አሻግራችሁ ጣሏት፣ ወሬ አታብዙ።

መልስ 11
ለዚህ የመለሱት በመስጊድ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፣ ረጋ ብለው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ስለዚህ የተናገሩትን አስታወሱት። የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው፤ ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ የምድር ተባይ እንኳ ለቅማ እንድትበላ ሳትለቃት የሞተችባት ሴት በዚያ ምክንያት ቅጣት አገኛት። እኚህ አባት እዚያ ላይ ያሳዩን ነገር ደስ ይላል። የድመት ባለቤት ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ያበላታል ወይ አድና እንድትበላ ይለቃታል። ሁለቱንም መከልከል ነው ግፉ። የማትበላውን ድመት ጫጩት በላሽ ብሎ ወንዝ ማሻገርስ ምን ይባላል አሉ።

መልስ 12 እና 13
እዚህ ጭቅጭቅ ሆነ። አንዷ የቃሉውን ልጅ ጨካኝ ብላ ሰደበችው። እሱም ዝም አላለም። ሙሉ ጫጩቱን እንዳጣ፣ የልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛው ከዚያ ዶሮ እንደሆነ ነገራት። ስድቡን አልደግመውም። እኔ ግን የልጁ ቁጣ ይገባኛል። ዶሮ ለገጠር ሰው ባንኩ ነው፤ ሲቸግረው አንድ አውራ ዶሮ ይዞ ገበያ ይወርዳል። ስለ ድመት ስንናገር ይህን የሚያጣውን ሰው ማስቀየም ተገቢ አይደለም።

መልስ 14
ደግነቱ አንዲት የሐይቅ እናት ገብተው አበረዱት። አብሽር ልጄ ብለው ጀመሩ። ከዚያ ጥያቄ ጠየቁት። ጫጩቶቹ የጠፉት ቀን ነው ማታ? ቆጥ ውስጥ ነው ሜዳ ላይ? ትልልቆቹ ዶሮዎችስ?

እሱም መለሰ። ማታ ነው፣ ቆጥ ውስጥ ነው፣ ሁለት እናት ዶሮም አብረው ሞተዋል። እሳቸው በዚህ ጊዜ ድመት አይደለችም፣ ሸለምጥማጥ ነው አሉት። ድመት ጫጩት ትወስዳለች እንጂ ያደገች ዶሮ ብዙም አትደፍርም። ቆጥ ሰብሮ ገብቶ ከሚበላው በላይ የሚገድል ሸለምጥማጥ ነው። ቀን በግልጥ፣ ሜዳ ላይ፣ ዱካ ሳይተው የሚነጥቅ ደግሞ ጭልፊት ነው። ስንት ድመት በሰው ዕዳ ተቀጥታለች አሉ። ልጁም ቆጡን ሄዶ አየ፤ በጣሪያው በኩል የተቀደደ ቦታ አገኘ። ይህንንም መጥቶ በመጻፉ አከበርኩት።

የጫጩት ነገር እንግዲህ ይኸው ነው፤ የመርሳው አባት ያሉት ልክ ነበር፣ ማብላት ብቻ አይበቃም። ጫጩቱን መከለል ያስፈልጋል። የሐይቋ እናት ጫጩት ከተፈለፈለ ጀምሮ ክንፍ እስኪያወጣና እስኪጠና ድረስ ከእናቱ ጋር ትልቅ ቅርጫት ገልብጠው ይደፉበታል፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ያስቀምጣሉ። ሲፈቱትም ሰው ባለበት ነው። እኔም ለጎረቤቴ ቅርጫት ገዝቼ ወስጃለሁ፤ ድመቷ የኔ ስለሆነች።

መልስ 15
የሰዓት ነገር ያነሣው አንድ የኩታበር ልጅ ነው። ድመት ይበልጥ የምታድነው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው። ወፎቹ ደግሞ ጎህ ሲቀድ መሬት ላይ ናቸው። ስለዚህ ማታ ከብት ሲገባ እሷም ትግባ፣ ራቷን እዚያው ጓዳ በዚያ ሰዓት ስጧት፤ በዚያ ሰዓት ከበላች በራሷ ትመጣለች፣ መጥራትም አይፈልግም። ሌሊቱን ከጎታው ጋር ትደር፣ አይጥም የሚወጣው ሌሊት ነው። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ይከፈትላት። ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ምክር ነው። እኛም ቤት የያዝነው ይህንን ነው።

መልስ 16
ከቆቦ የመጣ ገበሬ ተቆጣ። ስለ ወፍ ይህን ያህል የምትጨነቁት ማሽላ ዘርታችሁ ስለማታውቁ ነው አለ። ግሪሳ ሲወርድ ምን እንደሚመስል፣ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ሲያስጮኹ ውለው ድምፃቸው እንደሚዘጋ፣ ያም ሆኖ አገዳው ባዶ ራሱን እንደሚቀር ጻፈ። ለርሱ ድመቷ ወፍ ብትይዝ ትመረቅ።

የኩታበሩ ልጅ በትሕትና መለሰለት። ግሪሳ በመቶ ሺህና ከዚያ በላይ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ድመት ስንቱን? ድመት የምትይዘው ደጅ የሚውለውን ወፍ ነው፤ ከነዚያ ውስጥ አትክልት ላይ ያለውን ትል የሚለቅሙ አሉ። የቆቦው ሰው አልተረታም። ይሁን ብዬ አልፌዋለሁ፣ ማሽላው የርሱ ነው።

መልስ 17
ለምን ድመት ድመት ትላላችሁ፣ የአይጥ መርዝ ገበያ ሞልቷል ያለ ሰው መጣ። የደሴው ባለሙያ እንደገና ብቅ አለ፣ አሁን ቆጣ ብሎ። ገበያ ላይ ከሚሸጠው ውስጥ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው አለ፣ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ነው። ሆድ ውስጥ ገብቶ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። መርዙን በሆዷ የያዘች አይጥ ድመቷ ከበላች ድመቷም ልትሞት ትችላለች፤ ውሻውም፣ ጉጉቷም እንዲሁ። ሕፃን ልጅ እጅ ከገባማ አይወራ። መርዝና ድመት በአንድ ቤት አይኖሩም፤ አንዱን ምረጡ አለ።

ከዚያ ወሬው ነቀዝ ላይ ሄደ፤ እህል ውስጥ ስለሚጣለው ኪኒን። ከርዕሱ ቢወጣም ያስቀመጥኩት ሕይወት ስለሆነ ነው። ያም ኪኒን የሚያወጣው ያንኑ ጋዝ ነው። ኪኒን የተደረገበት እህል ባለበት ክፍል ሰው አይደር፣ ድመቷም አይዘጋባት። ከመልስ 15 ጋር አያይዛችሁ አንብቡት።

መልስ 18
ስለ ጉጉት የተነሣው እዚህ ነው። አንዷ ቤቷ ጣሪያ ላይ ጉጉት ጮኸች ብላ ሟርት ፈርታ ነበር። ሌሎች አይጥ በመብላት ጉጉት ከድመት እንደማታንስ፣ ጫጩት አስጠፋች ተብላም እንደማትከሰስ ነገሯት። ክርክሩ ረጅም ነበር፣ አላመጣሁትም።

መልስ 19
አንዲት ነፍሰ ጡር እህት ፈራ ተባ እያለች ጠየቀች። አይጥ የምትበላ ድመት ለጽንስ አደጋ ናት ሲባል ሰምታ፣ ድመቷን ልታባርር ነበር። የደሴው ባለሙያ አታባርሪያት አላት። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በድመት ሰገራ ይወጣል፣ ለመጋባት ግን ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ሰገራው በየቀኑ ይጠረግ፣ የሚጠርገው ግን ሌላ ሰው ይሁን። ጓሮ ከነካሽ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ሰላጣና ቲማቲሙን አጥበሽ ብዪ። ጥሬ ሥጋም ከድመቷ ባልተናነሰ ያንኑ ያስተላልፋልና እስክትወልጂ ይቅርብሽ። የእብድ ውሻ በሽታም ድመትን ይይዛል፤ ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው።

መልስ 20
ውጭ አገር ያለ የወሎ ልጅ፣ በአሜሪካ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ እንደሚገድሉ የተሠራውን ግምት ጠቅሶ፣ ድመት ጭራሽ ከቤት አትውጣ አለን። ብዙ ሰው ሳቀበት። እኔ አልሳቅሁም። እኛ አገር ድመት ዘግቶ ማኖር አይሆንም፣ ግን ቦረና ሳይንት ደንቆሮ ደን አጠገብ ያለ ሰው ነገሩን ሊያስብበት ይገባል። የዱር ድመት የቤቷ ድመት ዘመድ ናት፤ ይዳቀላሉ፣ በሽታም ይጋባሉ። ድመት ማስኮላሸት የሚችል ባለሙያ በአቅራቢያችሁ ካለ ያን ማድረግ ነው፤ የተኮላሸ ወንድ ድመት ሩቅ አይዞርም።

መልስ 21
የአንገትጌውን ልክ የጠየቀ አለ። የአምባሰሏ እህት እንዲህ አለች። ሰፍታችሁ ስታጠልቁ ሁለት ጣት ይግባ፤ ከጠበቀ ያንቃታል፣ ከላላ ደግሞ የፊት እግሯን አስገብታ ትቆለፋለች። መጋጠሚያውን በቀጭን ክር ብቻ ያዙት፤ እሾህ ወይም አጥር ላይ ብትንጠለጠል ክሩ ይበጠስ፣ አንገቷ አይበጠስ። ከወለቀ ሌላ መስፋት ነው፣ ጨርቅ አይጠፋም።

መልስ 22
የመጨረሻው እስካሁን፣ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ያለ ወንድም ነው። ጎበዝ የድመት ግልገል ከየት ይገኛል ይላል። የመርሳው አባት ቀድመውኝ መለሱለት፣ እኔም እደግፋለሁ። ግልገል ምን እንደሚታደን የሚማረው ከእናቱ ነው፤ መጀመሪያ የሞተ ታመጣለታለች፣ ቀጥላ በሕይወት ያለ። ስለዚህ እናቷ አይጥ የምትይዝበትን ቤት ፈልግ፣ ጫጩት ከምታድን ድመት አትውሰድ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላትም ከእናቷ አትለያት።